ሠራዊቱ የሕዝብ ነው፤ ወዴት እንደሚላክም ሕዝብ ይወቅ



በምርጫ ሰሞን ስለ ውሃና መብራት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራ አጥነት ብዙ ይነገራል። መነገርም ይገባዋል፤ ፓርቲያችንም በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ያለውን አቋም በዚህ ጥራዝ በሌሎቹ ገጾች አስፍሯል። ስለ ወታደር ሲሆን ግን ሁሉም ዝም ይላል። ገዢው ወገን «የአገር ምስጢር ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ እኛ ተቃዋሚዎችም «ሠራዊቱን ነካችሁ» እንዳንባል አንደበታችንን እንሰበስባለን። ይህ በእንዲህ እንዳለ ከከዚራም፣ ከመጋላም፣ ከሳቢያንም ልጅ ተመልምሎ ይሄዳል። ነጋዴው ከሚከፍለው ግብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ከሚቆረጠው ገንዘብ መሣሪያ ይገዛል። አንዳንዱ ልጅ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። ልጁን የሰጠና ግብሩን የከፈለ ሰው ግን ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ቦታ የለውም።

ፓርቲያችን ሠራዊት አይጠላም። በሚገባ የሠለጠነና በሚገባ የታጠቀ የመከላከያ ኃይል የሌለው አገር ድንበሩን ማስከበር አይችልም። የምንጠይቀው ይህ ሠራዊት ወዴት፣ ለምን፣ በማን ውሳኔና በስንት ወጪ እንደሚላክ፣ ሲወድቅስ ማን እንደሚቆጥረው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽዖ ያለው እንዲሆን፣ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ የአገርን ሉዓላዊነት እንዲጠብቅ፣ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን፣ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ይደነግጋል። አምስቱም መልካም መርሆዎች ናቸው። ተጣሱ ሲባል ግን ጠርቶ የሚጠይቅ ምክር ቤት እስካሁን አላየንም።

ይህች ከተማ ስለ ሠራዊት የመናገር መብት ከሌላው ከተማ በላይ አላት። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን አልፎ ድሬዳዋ በር ላይ ደርሶ ነበር። ከተማዋ ብትያዝ ኖሮ የባቡሩ መስመር፣ የአየር ኃይሉ ማረፊያና ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ አብረው በጠላት እጅ ይገቡ ነበር። አልተያዘችም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጅጅጋ ወደቀች፤ በካራማራ ድል የተመለሰችው በየካቲት 1970 ዓ.ም. ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያን ጊዜ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር። ታላላቆቻችን ግን ዛሬም ያን ክረምት ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል።

ያ ጦርነት ስለ መሣሪያ አንድ ነገር አስተምሮናል። የሶማሊያ ጦር ከሶቪየት ኅብረት ያገኘው ታንክና መድፍ ነበረው። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በዚያው ዓመት ለእኛ ይሰጥ የነበረውን ወታደራዊ ዕርዳታ ቀንሶ፣ ኋላም አቋርጦ ነበር። ሆኖም በሰማይ ላይ የበላይነቱን የያዙት ኤፍ-5 አውሮፕላን ያበርሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ያሸነፉት ዓመታት በፈጀ ትምህርትና ልምምድ ነው። ከእነርሱ አንዱ ብርጋዴር ጀኔራል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሌላ በኩል በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት ሥልጠና ተሰልፎ ወደ ግንባር የተላከ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የሚሊሽያ ሠራዊት ነበር። እርሱም በጀግንነት ተዋግቷል። የሁለቱን ዋጋ ማነጻጸር ግን ለአንባቢ ከባድ አይደለም፤ ሥልጠና ያልተሰጠው ሰው ጉድለቱን በደሙ ነው የሚሞላው። (የኋላ ኋላ የሶቪየት መሣሪያና ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጥተው ሚዛኑን እንደለወጡት አንዘነጋም። ድሬዳዋ ግን የተረፈችው እነርሱ በብዛት ከመድረሳቸው በፊት ነው።)

ዛሬስ? የሠራዊታችን ትጥቅ የብዙ ዘመን ዕቃ በአንድ ግምጃ ቤት የተከማቸበት ነው። እግረኛው እንደ አባቶቹ ክላሽ ይይዛል፤ ከጎኑ ብሬን፣ አርፒጂ፣ ስናይፐር አለ፤ ከኋላው ሞርታር፣ ድሽቃ፣ ዙ-23ና ቢኤም-21 ይሰለፋሉ። ከደርግ ዘመን የተረፈው ቲ-55 ታንክ ከኋላ ከተገዛው ቲ-72 ጋር አብሮ ያገለግላል። አየር ኃይሉ በባድመ ጦርነት ዘመን ከሩሲያ ሱ-27 ገዝቷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሱ-30 ተረክቧል። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ የመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ድሮን ነው። ከቱርክ የተገዛውን ባይራክታርን የመሰለው ሰው አልባ አውሮፕላን ሠራዊቱ ጦርነት የሚዋጋበትን መንገድ ጨርሶ ለውጦታል።

ይህን ለውጥ እንደ ሕግ ባለሙያ ስመለከተው የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ክፍለ ጦር ሲንቀሳቀስ ሕዝብ ያየዋል፤ መኪናው ይታያል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዘመድ ለዘመድ ይደውላል። ድሮን ግን ማንም ሳያየው ተነስቶ፣ ማንም ስሙን በማያውቀው ሰው ትእዛዝ ተኩሶ ይመለሳል። በ2014 ዓ.ም. በገና ዕለት በትግራይ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናግረዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 የዜጎችን ሰብዓዊ መብት የሚነካ የመከላከያ ተግባር ሲፈጸም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል። «ያጣራል» ነው የሚለው፤ «ቢፈልግ ያጣራል» አይልም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጦርነቱ በተፋፋመበት በ2014 ዓ.ም. ምክር ቤቱ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከጸደቀው 786.6 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመድቧል፤ መንግሥት ካወጣው ከእያንዳንዱ አሥር ብር ከአንድ ብር በላይ ማለት ነው። በጦርነት ጊዜ ወጪ ይጨምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። የምንጠይቀው ሒሳቡን ነው። ሒሳብ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከሜቴክ አይተናል። በ2002 ዓ.ም. ተቋቁሞ በወታደራዊ መኮንኖች ይመራ የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የአውቶቡሱንም፣ የስኳር ፋብሪካውንም፣ የሕዳሴ ግድቡንም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቀ። በዚያ ሁሉ ዓመት «ወታደራዊ ተቋም ነው» ተብሎ የጠየቀ አልነበረም። ምስጢር የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከጠላት የሚደበቅ ሳይሆን ከግብር ከፋዩ የሚደበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ሠራዊቱ በማን ውሳኔ ይሰማራል?

ወደ ውጭ የተላከው ሠራዊታችን የሚያኮራ ታሪክ አለው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቆች በኮሪያ ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በአዛዥነት የመሩት ኢትዮጵያዊው ሌተና ጀኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ ደቡብ ሱዳን ዘምተናል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ለአብዬ የፈቀደው 4,200 ሰላም አስከባሪ መጀመሪያ ላይ የተሞላው በኢትዮጵያውያን ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ8 ሺህ በላይ ሰላም አስከባሪ በማሰማራት ከዓለም አንደኛ የሆንበት ጊዜም ነበር።

የሶማሊያው ዘመቻ ግን ሌላ ነው። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ምክር ቤቱ መንግሥት በእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳለፈ። በታኅሣሥ ወር ሠራዊቱ ወደ ሞቃዲሾ ገሰገሰ፤ እስከ ጥር 2001 ዓ.ም. ድረስም እዚያ ቆየ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 ግን የሚናገረው ስለ «የጦርነት አዋጅ» ነው። ውሳኔና አዋጅ አንድ አይደሉም። አዋጅ ረቂቁ ይቀርባል፣ ይመረመራል፣ ክርክር ይደረግበታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። «አስፈላጊውን ሁሉ» የሚል ውሳኔ ግን ዳር ድንበር የለውም፤ መቼ እንደሚያበቃም አይናገርም። በዚያ ዘመቻ ስንት ወታደር እንደወደቀብን በዝርዝር አልተነገረንም። በጥር 2006 ዓ.ም. ሠራዊታችን በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ሆኖ ወደ ሶማሊያው ተልእኮ ገብቷል፤ ከታኅሣሥ 2017ቱ የአንካራ ስምምነት በኋላም በአዲሱ የኅብረቱ ተልእኮ እንዲቀጥል ተደርጓል። ሶማሊያ ለድሬዳዋ ሩቅ አገር አይደለችም፤ እዚያ የሚተኮሰው ጥይት ድምፁ እዚህ ገበያ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ሠራዊቱ ለምን እዚያ እንዳለና መቼ እንደሚመለስ በየዓመቱ በምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት ሕዝብ ሊሰማው ይገባል።

ከዚህም የሚከብደው በአገር ውስጥ የሚደረገው ስምሪት ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ለጸጥታ በሚል ብቻ በ2009፣ በ2010፣ በ2013፣ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። «ኮማንድ ፖስት» የሚለው ቃል ለሕፃናት ሳይቀር የተለመደ ሆኗል። በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በሰሜን ዕዝ ላይ የደረሰው ጥቃት ማንኛውም መንግሥት ዝም ብሎ የማያልፈው ነበር፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ እስኪፈረም ድረስ ጦርነቱ ለሁለት ዓመት የተካሄደበት መንገድ ግን ሕዝባዊ ምርመራ አላገኘም።

የአማራ ክልልን ጉዳይ እንውሰድ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም አጸደቀው፣ በጥር ወር አራዘመው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአዋጁ ጊዜ አበቃ፤ ለሕዝብ የተነገረ ሌላ ማራዘሚያም አልመጣም። ሠራዊቱ ግን አዋጁ ካበቃ በኋላም እዚያው በውጊያ ላይ ቆይቷል። አዋጅ ከሌለ የሚቀረው አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ነው፤ እርሱም ከክልሉ አቅም በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም በክልሉ ጥያቄ መሠረት መከላከያ ይሰማራል ይላል። እንግዲያው የክልሉ ጥያቄ በየትኛው ቀን ቀረበ? ለምን ያህል ጊዜ? ሰነዱን ለሕዝብ አሳዩን። እኛ መንግሥት ብንሆን ከዚህ የተለየ ጥያቄ እንዲቀርብልን አንፈልግም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ፈጽሞ ሊገደቡ የማይችሉ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 1፣ 18፣ 25ና 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2ን ብቻ ይጠቅሳል። በሕይወት የመኖር መብት የተደነገገበት አንቀጽ 15 ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕግ ያልተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ላያምን ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ይመልከት።

አሁን ስለ ወታደሩ ስለ ራሱ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የውሃ ጉድጓዳቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ውሃ ተከልክለው ነው፤ ምግባቸውም የማይበላ ነበር። አቤቱታቸውን ሊሰሙ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጀኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉና የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዓመት ሳይሞላ የንጉሡ መንግሥት ወደቀ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ400 ሺህ በላይ የሆነው የቀድሞ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ፤ ካራማራ ላይ የቆሰለ ሰው በየከተማው በረንዳ ላይ እጁን ሲዘረጋ ያየነው ያኔ ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንዲመልስ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ይህ ሥራ የ1983ቱን እንዳይደግም እንከታተላለን።

የተባበሩት መንግሥታት ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ሰላም አስከባሪ በወር 1,428 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ለመሣሪያው የሚከፈለው ለብቻው ነው። ገንዘቡ የሚገባው ለወታደሩ ሳይሆን ለላከው መንግሥት ነው። ከዚህ ውስጥ ለወታደሩ ስንት እንደሚደርሰውና የቀረው ምን ላይ እንደሚውል በበጀት መግለጫ ላይ ተለይቶ ይታይ እንላለን። ይህ ለጠላት የሚጠቅም ምስጢር አይደለም።

ምልመላውም እንዲሁ። ሠራዊታችን የበጎ ፈቃድ ሠራዊት ነው ተብሎ ይነገራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ግን በ2017 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ለመከላከያ ምልመላ በሚል ወጣቶች፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጭምር፣ ያለ ፈቃዳቸው መያዛቸውንና ለመልቀቅ ገንዘብ የተጠየቀባቸው መኖራቸውን ይፋ አድርጓል። ታፍሶ የተወሰደ ልጅ ጥሩ ወታደር አይወጣውም። ይህን እኛ ከምንለው ይልቅ ማንኛውንም የቀድሞ የአሥር አለቃ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

የሞቱትን የመቁጠሩ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። የኮሪያ ዘማቾች መቃብርና ስም አላቸው። ደቻቱ ከተማችንን ባጥለቀለቀበት በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲሞቱ እንኳ ቁጥሩ ተነግሮ አብረን አለቀስን። በሰሜኑ ጦርነት ስንት ወታደር እንደወደቀ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ዝርዝር አላወጣም። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በጥር 2015 ዓ.ም. የሟቾች ጠቅላላ ቁጥር እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። በትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለተዋጊ ቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ በይፋ ሐዘን ተቀምጠዋል። በፌዴራሉ በኩል ግን ልጇ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክ ያልደወለላት እናት ተዝካር ታውጣ ወይስ ትጠብቅ? ሚስቱስ ባሏ በሕይወት አለ ተብላ ትኑር፣ ወይስ የጡረታ መብቷን ትጠይቅ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመጥፋት ውሳኔ ለማግኘት ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ መንግሥት የሚያውቀውን ነገር ድሀ እናት በጠበቃ እንድታስረዳ ማድረግ ግን ነውር ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተሉትን ለምክር ቤት ያቀርባል። ወደ ውጭ የሚላክ ማንኛውም ጦር አስቀድሞ ዓላማው፣ ብዛቱና ጊዜው ተገልጾ ምክር ቤቱ ድምፅ ይስጥበት፤ በየስድስት ወሩም ይታደስ። በአገር ውስጥ ስምሪት የክልሉ ጥያቄ በጽሑፍ ሆኖ በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ። የመሣሪያ ግዢ የሚመረመርበት፣ ተቃዋሚዎች ጭምር የሚቀመጡበትና ምስጢር ለመጠበቅ ቃለ መሐላ የሚፈጽም የመከላከያ ኮሚቴ በምክር ቤቱ ይቋቋም፤ ስብሰባው በዝግ ይሁን፣ መኖሩ ግን በይፋ ይታወቅ። ወታደር ሲሞት ወይም ሲጠፋ በ30 ቀን ውስጥ ለቤተሰቡ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይድረስ፤ ጡረታውም ቤተሰቡ ማመልከቻ ሳያስገባ ይጀመር። ለሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ስም በስም የሚዘረዝር መዝገብ በአንድ ዓመት ውስጥ ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ለቤተሰብ ይነበብ።

ለድሬዳዋ የሚቀር ልዩ ጉዳይ አለ። ከተማችን ክልል አይደለችም፤ በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ውስጥ የለችም። የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር ሲሆን ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ደግሞ «በክልሉ ጥያቄ» ይላል። ነገ ከነገ ወዲያ በለገሃሬ ወይም በገንደ ቆሬ ችግር ቢፈጠር መከላከያ እንዲገባ የሚጠይቀው ማን ነው? ከንቲባው ብቻውን? ወይስ ማንም ሳይጠየቅ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል? በቻርተሩ ላይ ልናቀርብ ያዘጋጀነው ማሻሻያ አጭር ነው፦ ጥያቄውን የሚያቀርበው የከተማው ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ሲወስን ብቻ ይሆናል፤ ስምሪቱ ከ15 ቀን አይበልጥም፤ ውሳኔውም በዕለቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፋል። የረቂቁ ሙሉ ቃል በፓርቲው የድሬዳዋ ጽሕፈት ቤት ለማንኛውም አንባቢ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ አስተያየት ያለው ሰው በጽሑፍ ቢሰጠን ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት እናርመዋለን።